ከንቲባው ሰልፍ መከልከል ይችላል? የደሴን መንገድ ይዘን አዋጁን እንየው

ደሴ ላይ ሰልፍ ሊወጣ ነው ከተባለ ፒያሳ ቡና የሚጠጣውም፣ ባጃጅ የሚነዳውም ቀድሞ የሚጠይቀው «ተፈቅዷል ወይ?» ብሎ ነው። ጠያቂው የሕግ አንቀጽ አይደለም የፈለገው፤ ብወጣ ምን ይደርስብኛል ማለቱ ነው። ሥጋቱ የሚገባ ነው። የሰልፍ አዋጁ ግን ፈቃድ ስለሚባል ነገር አያወራም። ለከተማ አስተዳደሩ የሰጠው ሥልጣን ሰው ከሚገምተው ያነሰ ነው፤ በሰልፍ አዘጋጁ ላይ የጣለው ሥራ ደግሞ ብዙ አዘጋጅ ከሚገምተው ይበዛል።

ከዚህ በታች ያለው ሰልፍ ውጡ ወይም አትውጡ የሚል ምክር አይደለም። ሕጉ ምን እንደሚል፣ የትኛው ቦታ ላይ ዝም እንዳለና ሌሎች አገሮች ይህንኑ ጉዳይ እንዴት እንደፈቱት ለማሳየት ነው።

መብቱ የት ተጽፏል?

ሁለት ቦታ። የመጀመሪያው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 ነው፦ «ማንኛውም ሰው ከሌሎች ጋር በመሆን መሣሪያ ሳይዝ በሰላም የመሰብሰብ፣ ሰላማዊ ሰልፍ የማድረግ ነጻነትና፣ አቤቱታ የማቅረብ መብት አለው»። አንቀጹ እዚያው ላይ ገደብም አስቀምጧል። ስብሰባው የሚካሄድበት ቦታና ሰልፈኛው የሚሄድበት መንገድ በሕዝብ እንቅስቃሴ ላይ ችግር እንዳይፈጥር ሥርዓት ሊወጣለት ይችላል። የሰውን ክብርና መልካም ስም የሚነካ፣ ለጦርነት የሚቀሰቅስ ንግግርም በሰልፍ ስም ከተጠያቂነት አያመልጥም።

ሁለተኛው ከሕገ መንግሥቱ ይቀድማል። ደርግ ከወደቀ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በሽግግሩ መንግሥት ጊዜ የወጣው የሰላማዊ ሰልፍና የሕዝባዊ የፖለቲካ ስብሰባ ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 3/1983 ነው። ከቁጥሩ እንደሚታየው ያ መንግሥት ካወጣቸው የመጀመሪያዎቹ ሕጎች አንዱ ነው። አጭር ነው፤ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ተነብቦ ያልቃል። ቢሆንም ስለ ሰልፍ ከሚከራከሩት ውስጥ ያነበበው ሰው ብዙ አይመስለኝም።

ታዲያ ማሳወቅና ፈቃድ መጠየቅ በምን ይለያያሉ?

ለቅሶ የደረሰበት ቤተሰብ መንገድ ዳር ድንኳን ሲተክል ለጎረቤት ይናገራል፤ መኪናውን እንዲያነሳ፣ በሌላ በኩል እንዲዞር። ጎረቤቱ «ትንሽ ወደዚህ አድርጉት፣ አምቡላንስ ማለፊያ ይኑር» ቢል ይሰማል። «ለቅሶ አትቀመጡ» ማለት ግን አይችልም። በ1983ቱ አዋጅ ላይ የከተማው አስተዳደር የተሰጠው ቦታ የዚህን ጎረቤት ይመስላል። ስለ ቦታና ስለ ሰዓት የሚናገረው አለው፤ ሰልፉ ይኑር አይኑር የሚለው ግን የእሱ ውሳኔ አይደለም።

አሠራሩን በሰዓት እንከተለው። በአንድ የደሴ ሰፈር የቧንቧ ውኃ ለሳምንታት ጠፋ፣ ነዋሪዎች ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ሰልፍ ሊወጡ አሰቡ እንበል። አዋጁ የ48 ሰዓት ቅድሚያ ስለሚጠይቅ ደብዳቤው ቢዘገይ ሐሙስ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ከንቲባ ጽሕፈት ቤት መድረስ አለበት። በጽሑፍ መሆን አለበት፤ በስልክ «ነግረናቸዋል» ማለት አይበቃም። ውስጡ የሰልፉ ዓላማ፣ ቦታውና የሚታለፍባቸው መንገዶች፣ ቀኑና ሰዓቱ፣ ይወጣል ተብሎ የሚገመተው ሰው ብዛት፣ ጸጥታ ለማስከበር ከመንግሥት የሚፈለገው እገዛ፣ የአዘጋጆቹ ስም፣ አድራሻና ፊርማ ይሰፍራል።

እዚህ ላይ አንድ ተራ የሚመስል የቢሮ ጉዳይ አለ። መዝገብ ቤቱ ደብዳቤውን ሲቀበል በአዘጋጁ ቅጂ ላይ ቀኑን ብቻ ሳይሆን ሰዓቱንም ጽፎ ማኅተም ማድረግ አለበት፤ የሁለቱም ወገን ግዴታ የሚቆጠረው ከዚያች ሰዓት ነውና። ጽሕፈት ቤቱ ቦታው ወይም ጊዜው ቢለወጥ ይሻላል ካለ፣ ደብዳቤው በደረሰው በ12 ሰዓት ውስጥ ምክንያቱን ዘርዝሮ በጽሑፍ መመለስ አለበት። በእኛ ምሳሌ ይህ ሐሙስ ማታ 3 ሰዓት ላይ ያበቃል። የአዋጁ ዋና ነገር የሚመጣው ከዚህ ቀጥሎ ነው፦ ጽሕፈት ቤቱ ሰልፉ በማንኛውም ጊዜና በማንኛውም ቦታ መካሄድ የለበትም ሊል አይችልም።

ታዲያ «ለጥበቃ የሚሆን የፖሊስ ኃይል የለንም» የሚለው የተለመደ መልስስ? ቅዳሜ በከተማው ሌላ ትልቅ ዝግጅት ካለ ይህ ሰልፉን ወደ እሑድ ለማዞር የሚያሳምን ምክንያት ሊሆን ይችላል። እሑድም፣ የሚቀጥለው ሳምንትም፣ የሚቀጥለው ወርም ያው መልስ ከተሰጠ ግን ቀን መለወጡ ቀርቶ ክልከላ ሆኗል። ጸጥታ የማስከበር ዝግጅቱን አዋጁ የጫነው በአስተዳደሩ ትከሻ ላይ ነው። መልስ ካልመጣስ? አዋጁ የጠየቀው ማሳወቅን እንጂ ይሁንታ ማግኘትን አይደለም፤ ስለዚህ ዝምታ እንደ እምቢታ አይቆጠርም።

ደሴ ላይ የት መሄድ ይቻላል?

አዋጁ የተወሰኑ ቦታዎችን አርቋል። ከቤተ ክርስቲያን፣ ከመስጊድ፣ ከሆስፒታል፣ ከመቃብር ቦታና ከመሳሰሉት 100 ሜትር፤ ከጦር ኃይሎች ተቋማት 500 ሜትር። ገበያ በሚቆምበት ቀን ገበያ ቦታም አይቻልም። ስለዚህ ሰኞ ዕለት ሰኞ ገበያ ላይ ሰልፍ ብሎ ነገር የለም።

ይህን ሜትር በሜዳማ ከተማ መለካት ቀላል ነው። ደሴ ግን ጦሳና አዝዋ ገደል መካከል የተወተፈች፣ ርዝመት እንጂ ስፋት ያልተሰጣት ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን የሚያልፈው ዋና መንገድ ራሱ የከተማዋ ዋና ጎዳና ነው፤ የጭነት መኪናው፣ ባጃጁ፣ ወደ ሆስፒታል የሚጣደፈው በሽተኛ ሁሉ በዚያው ይሄዳል። በዚህ ላይ መስጊዱና ቤተ ክርስቲያኑ በየሰፈሩ አሉ። አዋጁን በጥብቅ አንብበን 100 ሜትር እየለካን ከፒያሳ ብንነሳ ነፃ የሚሆነው መንገድ ጥቂት ነው። በእኔ እይታ ይህ ክፍተት ለሁለቱም ወገን አይበጅም። መከልከል የፈለገ ሹም ሜትሩን ምክንያት ያደርገዋል፤ አዘጋጁም መስመሩን ሳያጠና ወጥቶ ራሱን ጥፋተኛ ያደርጋል። መፍትሔው ከደብዳቤው በፊት መስመሩን በእግር ሄዶ ማየትና እንደ ሆጤ ሜዳ ያለ ሰፊ መድረሻ መምረጥ ነው።

በዓለም የታወቀ አንድ ሰልፍ ይህንኑ የመንገድ ጥያቄ ተጋፍጦ ነበር። እ.ኤ.አ. መጋቢት 1965 በአሜሪካ አላባማ ግዛት ጥቁሮች የመምረጥ መብታቸውን ለማስከበር ከሰልማ ከተማ እስከ ግዛቲቱ ዋና ከተማ ሞንትጎመሪ ሊጓዙ ተነሡ። ርቀቱ 87 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የመጀመሪያዎቹ 600 ገደማ ሰልፈኞች ድልድይ ተሻግረው ሳይርቁ የግዛቲቱ ፖሊስ በዱላና በአስለቃሽ ጭስ መለሳቸው። ነገሩ ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ሄደ። ዳኛ ፍራንክ ጆንሰን ሁለት ነገር መዘኑ፦ አውራ ጎዳና ለቀናት መያዙ በተጓዡ ላይ የሚያመጣው ችግርና ሰልፈኞቹ የደረሰባቸው በደል ስፋት። በደሉ ግዙፍ በሆነ መጠን የመቃወሚያው ስፋትም እንዲያው ሊሆን ይገባል ብለው ፈቀዱ። ገደብም አበጁለት፤ ጎዳናው በሁለት መኪና ልክ በሚጠብበት ክፍል ላይ ከ300 ሰው በላይ እንዳይሄድ አሉ። ከሰልማ 3,200 ያህል ሰው ተነሣ፤ ጠባቡ መንገድ ላይ 300ው ቀጠለ፤ ሞንትጎመሪ ሲደረስ 25,000 ያህል ሆኖ ገባ። በዚያው ዓመት ነሐሴ የመራጮች መብት ሕግ ተፈረመ።

የዳኛው ውሳኔ መንገዱን አስተካከለ እንጂ ሰልፉን አልሰረዘም። የደሴ ጎዳና ጠባብነትም የሚያስኬደው እስከዚህ ድረስ ነው፤ ሰዓት ለመምረጥ፣ ግማሽ መንገድ ለመኪና ለመተው፣ አስተናጋጅ ለማቆም።

«ተፈቅዷል ወይ?» የሚለው ልማድ ከየት መጣ?

ልማዱ ሕግ የነበረበት ዘመን ነበር። በየካቲት 1957 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው አዲስ አበባ ላይ ከወጡ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1959 የንጉሡ መንግሥት ሰልፍን በመንግሥት ፈቃድ ላይ ያንጠለጠለ አዋጅ አወጣ። ተማሪዎቹ ያንኑ አዋጅ ለመቃወም ሰልፍ ወጡ፤ ከፖሊስ ጋርም ተጋጩ። ከደሴው ወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት የወጣው ዋለልኝ መኮንን የዚያ ትውልድ ሰው ነው።

አብዮቱ በፈነዳበት ዓመት ፈቃዱም ክልከላውም ተረሳ። በሚያዝያ 12 ቀን 1966 አዲስ አበባ ላይ ሙስሊሞች የእኩልነት ጥያቄ ይዘው ባደረጉት ታላቅ ሰልፍ ክርስቲያኖችም አብረው ወጥተዋል፤ ከጥያቄዎቹ አንዱ በዓሎቻቸው እንደ አገር በዓል እንዲከበሩ ነበር። ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ በዓላቱ ብሔራዊ በዓል ሆኑ። አባት ሙስሊም፣ አጎት ክርስቲያን በሚሆንበት የወሎ ቤት ዛሬ አረፋም ፋሲካም መሥሪያ ቤት የሚዘጋው ከዚያ ወዲህ ነው። ከዚያ ቀጥሎ ግን ሰልፍ ማለት በቀበሌ የሚጠራ፣ ባይወጡ የሚያስጠይቅ ነገር ሆኖ ለዓመታት ኖረ። የ1983ቱ አዋጅ ወረቀቱን ቀየረው፤ የሰዉንም የሹሙንም አእምሮ ለመቀየር ግን አዋጅ ብቻውን አይበቃም።

የፈቃድ ሥርዓት የኛ ብቻ ቅርስ አይደለም። ጋና ከእንግሊዝ ቅኝ ግዛት የወረሰችው ተመሳሳይ አሠራር ነበራት። እ.ኤ.አ. በ1993 አንድ ተቃዋሚ ፓርቲ የፖሊስ አዛዡን ከሶ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የፈቃድን ግዴታ ሻረው። በዓመቱ አዲስ ሕግ ወጣ፤ አዘጋጁ ከአምስት ቀን በፊት ያሳውቃል፣ አለቀ።

አዘጋጁና አስተዳደሩ ካልተስማሙ ማን ይዳኛል?

የአዋጃችን ትልቁ ቀዳዳ ይህ ነው። ጋና ላይ ፖሊስ ሰልፉ መቅረት አለበት ብሎ ካመነ፣ ዳኛ ፊት ቀርቦ ማስረዳት ያለበት ራሱ ነው። የኛው አዋጅ በ12 ሰዓት ውስጥ መልሱ ከሕግ ውጭ ሆኖ ቢመጣ አዘጋጁ የት ይሂድ የሚለውን አይናገርም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 37 ማንኛውም ሰው በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት የማቅረብ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ሐሙስ ማታ የመጣን ደብዳቤ ግን ለቅዳሜ ጠዋት የሚያደርስ ችሎት ማግኘት ሌላ ነገር ነው። ግንቦት 7 ቀን 1997 ምርጫው በተካሄደበት ዕለት ማታ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በአዲስ አበባና አካባቢዋ ለአንድ ወር ሰልፍ ሲያግዱ፣ ተቃዋሚዎች ጉዳዩን ፍርድ ቤት ወስደውት ወደ ሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ተመርቶ ነበር። ጉባኤው እገዳውን አልሻረውም። ለሰብዓዊ መብት ኮሚሽንና ለእንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ማለትም ይቻላል፤ የሚሰጡት ግን ምክረ ሐሳብ ነው፣ ፍርድ አይደለም።

የአስተዳደር ክልከላና የፍርድ ቤት ትእዛዝ ክብደታቸው አንድ እንዳልሆነ የሚያሳይ ደግሞ የበርሚንግሃም ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 በዚያች የአላባማ ከተማ ሕግ መሠረት ሰልፍ የከተማውን ኮሚሽን ፈቃድ ይፈልግ ነበር። ለጥቁሮች መብት የሚታገሉት ጠየቁ፣ ተከለከሉ። ከተማው በዚህ ሳያበቃ ከፍርድ ቤት የእግድ ትእዛዝ አወጣ። በስቅለት ዕለት ማርቲን ሉተር ኪንግና ፍሬድ ሸትልስዎርዝ ትእዛዙን አልፈው 52 ያህል ሰው ይዘው ወጡ፣ ታሰሩ። ከዚያች አንዲት ሰልፍ ሁለት ክርክር ተወለደ። ያለ ፈቃድ በመውጣት የተሰጠውን ቅጣት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1969 ሰረዘው፤ ለሹም ያለ መለኪያ እንዳሻው የመከልከል ሥልጣን የሚሰጥ ሕግ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል አለ። የፍርድ ቤቱን እግድ በመጣስ የተሰጠውን ቅጣት ግን ከዚያ በፊት፣ በ1967፣ በአንድ ድምፅ ብልጫ አጽንቶታል፤ እግዱ ስህተት ቢሆን እንኳ ይግባኝ ሊባልበት ይገባ ነበር በሚል። ኪንግ የኖቤል የሰላም ሽልማት ከተቀበለ ሦስት ዓመት ገደማ ሆኖት ለቀናት ተመልሶ በርሚንግሃም እስር ቤት ገባ።

ሳያሳውቅ የወጣ ሰውስ ወንጀለኛ ነው?

በዓለም አቀፍ ደረጃ መልሱ እየጠራ መጥቷል። ኢትዮጵያ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳንን የተቀበለችው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት ያጸደቀቻቸው ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው። ቃል ኪዳኑን የሚተረጉመው የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ማብራሪያ፣ አለማሳወቅ ብቻውን ሰልፈኛውን ሕገ ወጥ አያደርገውም፣ ሰልፉን ለመበተንም ምክንያት አይሆንም ብሏል። ጥቂቶች ድንጋይ ስለወረወሩም የሌላው ሁሉ ሰላማዊነት አይሰረዝም። ይህ ትርጓሜ ክብደት አለው፤ በአንድ ወረዳ ፍርድ ቤት ግን እንደ አዋጅ ቁጥር ጠቅሰው የሚያስፈጽሙት ነገር አይደለም።

ጀርመን አዘጋጁ ሰልፉን ለሕዝብ ከማስታወቁ 48 ሰዓት በፊት እንዲያሳውቅ ትጠይቃለች፤ አንድ ነገር በድንገት ሆኖ ሕዝቡ በራሱ ከወጣ ግን ግዴታው ይነሳል። በደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2013 ኬፕ ታውን ላይ የመጸዳጃ አገልግሎት ጥያቄ ያነሡ ጥቂት ሰዎች በማዘጋጃ ቤቱ ደጅ ራሳቸውን በሰንሰለት አሰሩ። ሕጉ ከ15 ሰው በላይ ከሆነ ማሳወቅ ያስፈልጋል ይላል፤ ሌሎች ሲቀላቀሏቸው ቁጥሩ አለፈ፣ አዘጋጆቹ ጥፋተኛ ተባሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 የአገሪቱ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት አለማሳወቅን ወንጀል ያደረገውን ድንጋጌ ሻረው። የማሳወቅ ግዴታው ግን እንዳለ ቀርቷል።

የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅስ?

ያኔ እስካሁን የተባለው አብዛኛው ይቆማል። አንቀጽ 93 በአስቸኳይ ጊዜም ቢሆን የማይነኩ መብቶችን ዘርዝሯል፤ ኢሰብዓዊ አያያዝን የሚከለክለው አንቀጽ 18ና ስለ እኩልነት የሚናገረው አንቀጽ 25 ይገኙበታል። አንቀጽ 30 በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ስለዚህ ሰልፍ ሊታገድ ይችላል። እገዳው ግን ዕድሜ አለው፤ ተወካዮች ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሲያጸድቀው እስከ ስድስት ወር፣ ከዚያ በየአራት ወሩ እንደገና ካልተራዘመ ያበቃል።

ለደሴ ሰው ይህ የመጽሐፍ ነገር አይደለም። በ2009፣ በ2010፣ በ2012 ለኮሮና፣ በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰበት ሰሞን፣ ከዚያም በሐምሌ 2015 በአማራ ክልል ጉዳይ ታውጇል፤ የመጨረሻውም ተራዝሟል። በተደጋጋሚ የታገደ ነገር ሁልጊዜ የታገደ ይመስላል። የጊዜ ገደቡ ሲያልፍ አንቀጽ 30ም አዋጅ 3ም ያለ ምንም አዲስ ማስታወቂያ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ፤ መመለሳቸውን የሚያበስር ሰው ስለሌለ ብዙዎች ልብ አይሉትም።

ኮምቦልቻ ላይ የፋብሪካ ሠራተኛ ሥራ ሲያቆም ሰልፍ ነው?

አይደለም። የሥራ ማቆም አድማ ሌላ ሕግ አለው፤ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011። ማሳወቂያው ሁለት ቀን ሳይሆን 10 ቀን ነው፤ የሚሰጠውም ለከንቲባ ሳይሆን ለአሠሪውና ለሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ነው። ቢያንስ ሁለት ሦስተኛ የማኅበሩ አባላት በተገኙበት ስብሰባ አብላጫው መደገፍ አለበት፤ ከዚያም በፊት ለመታረቅ መሞከር ግድ ነው። በኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ የምትሠራ ልጅ ሰኞ ማሽኗን ብታቆም የምትጠየቀው በዚህ አዋጅ ነው፤ እሑድ በዕረፍቷ ስለ ቤት ኪራይ ሰልፍ ብትወጣ ግን በአንቀጽ 30 ነው የወጣችው። የሆስፒታል፣ የመብራት፣ የውኃና የቴሌ አገልግሎቶች በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ አድማ ከተከለከለባቸው ውስጥ ናቸው። የእነዚህ ድርጅቶች ሠራተኞች ከሥራ ሰዓታቸው ውጭ ሰልፍ ቢወጡ ግን ክልከላው አይከተላቸውም፤ አንቀጹ የሚጀምረው «ማንኛውም ሰው» ብሎ ነው።